ሕመም ያልተሰማው እግር

በአገራችን ሰው ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደው ሲያመው ነው። ያላመመው ሰው ለመታየት ቢሰለፍ ጎረቤቱ ይስቅበታል፤ ራሱም ቀኑንና ገንዘቡን በከንቱ ያባከነ ይመስለዋል። እግራቸው ላይ ቁስል የታየባቸው ሽማግሌ «እንዴት ነው አባባ?» ተብለው ሲጠየቁ፥ «ኧረ ምንም አላመመኝ፤ ተመስገን» ብለው የመለሱ እንደ ሆነ ጠያቂው ልቡ ያርፍና ወደ ሌላ ጨዋታ ያልፋል። እኛ ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው ግን ይህ «አላመመኝም» የሚለው ቃል የደኅንነት ምልክት መሆኑ ቀርቶ ከምልክቶች ሁሉ የከፋ ስለሚሆንበት ጉዳይ ነው። ይኸውም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው እግር ነው።

ነገሩን በአንድ አገር ላይ አቁመን ብንመለከተው ይቀለናልና መስቃንን እንውሰድ። መስቃን ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በዘቢዳር ተራራ ግርጌ በተቆረቆረችው በቡታጅራ ዙሪያ ያለ አገር ነው። ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ሆናለች። እንሰቱ፣ በርበሬውና ጫቱ የታወቀ ነው። የጤና ትምህርት ተማሪ የሆኑ አንባቢዎቻችን ግን ቡታጅራን የሚያውቋት በሌላ ምክንያት ነው። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በዚህ አገር ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትንና አንድ የከተማ ቀበሌን መርጦ፥ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የመጣውንና የሄደውን ሰው ቤት ለቤት እየዞረ መመዝገብ ጀመረ። በዚያ ዘመን ያስጨንቅ የነበረው የሕፃናት ሞት ነው፤ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ ትኩሳት። የስኳር በሽታ የጠገበ የከተማ ሰው በሽታ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለ ነበር ስሙን የሚያነሣው ጥቂት ነበር።

ይህ አስተሳሰብ ዛሬም አልለቀቀንም። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ለ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም ላይ 589 ሚሊዮን ጎልማሶች ከስኳር በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ ከአምስቱም አራቱ የሚኖሩት መካከለኛና ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ቆጮ በጎመን እየበላ፣ ቡናውን በጨው እየጠጣ ያደገ የገጠር ሰው ስኳር አለብህ ሲባል፥ «እኔ ስኳር የት አግኝቼ?» ብሎ ቢደነቅ አይፈረድበትም። ስሙ ራሱ ያሳስታል። በሽታው የሚላስ ስኳር ጉዳይ ሳይሆን፥ ሰውነት የበላውን ምግብ ሁሉ ወደ ኃይል የሚለውጥበት ኢንሱሊን የተባለው ቅመም ማነሱ ወይም መስነፉ ነው። ኢንሱሊን በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1921 ከተገኘ ወዲህ ሰው በዚህ በሽታ ወዲያው መሞቱ ቀረ፤ ረጅም ዕድሜም መኖር ቻለ። ረጅም ዕድሜ በተኖረ ጊዜ ግን የእግር ነገር መጣ።

በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለብዙ ዓመት ከልኩ በልጦ ሲቆይ ነርቮችን ይጎዳል። አስቀድመው የሚጎዱት ረዣዥሞቹ ናቸው፤ ከሁሉ የሚረዝሙት ደግሞ ከወገብ ተነሥተው እስከ እግር ጣት ጫፍ የሚወርዱት ናቸው። ስለዚህ መደንዘዙ ከጣት ይጀምርና ልክ ካልሲ እንደሚለበስ ወደ ላይ ይወጣል። አንዳንዱን ሰው ሌሊት ሌሊት ያቃጥለዋል፤ ይወጋዋል፤ ጉንዳን የሚሄድበት ይመስለዋል። ሌላው ግን ምንም ሳይታወቀው ያልፋል። በሽታው ብዙ ዓመት ከቆየባቸው ሰዎች እስከ ግማሽ የሚደርሱት እንዲህ ያለ የነርቭ ጉዳት እንደሚያገኛቸው ሐኪሞች ይናገራሉ። ላብ የሚያወጡት ነርቮች አብረው ስለሚደክሙ ቆዳው ይደርቃል፤ ተረከዙም ይሰነጠቃል። ጣቶቹን የሚያዝዙት ጡንቻዎች ሲዝሉ ጣቶቹ ይቆለመማሉ፤ ክብደቱም ወትሮ ባልተለመደ ቦታ ላይ ይወድቃል። በዚህ ላይ ወደ እግር የሚወርዱት የደም ሥሮች ከጠበቡ፥ ይልቁንም ሰውየው ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ፥ ቁስሉን የሚያድነው ደም በቂ ሆኖ አይደርስም።

ጤነኛ ሰው ጠጠር ጫማው ውስጥ ቢገባበት አሥር እርምጃ አይሄድም፤ ቆሞ ያራግፈዋል። ነርቩ የሞተበት ሰው ግን ከቡታጅራ ገበያ እስከ መንደሩ ድረስ ጠጠሩን እንደ ረገጠ ይጓዛል። ማታ ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው ላይ ደም ያያል፤ ከየት እንደ መጣ አያውቅም፤ አላመመውምና ነገ በዚያው ጫማ ይሄዳል። በሳምንቱ እግሩ ያብጣል፤ በወሩ ቁስሉ አጥንት ይነካል። በስኳር በሽታ ምክንያት ከሚቆረጠው መቶ እግር ውስጥ ከ80 የሚበልጠው የጀመረው እንዲህ ባለች ትንሽ ቁስል ነው።

ይህን ምሥጢር ለዓለም ካስተማሩት ሰዎች አንዱ የስኳር ሐኪም አልነበረም፤ የሥጋ ደዌ ሐኪም ነበር። ፖል ብራንድ የሚባለው ቀዶ ሐኪም ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕንድ አገር በቬሎር ሲሠራ፥ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ጣትና እግር የሚጎድለው ሥጋው በራሱ ስለሚበሰብስ ነው የሚለውን የቆየ እምነት ተቃወመ። ሥጋው ደኅና ሥጋ ነው፤ የጠፋው ሕመም ነው፤ ሕመም ስለ ጠፋ ሰውየው ትኩስ ድስት በባዶ እጁ ያነሣል፣ ምስማር ረግጦ ይሄዳል፣ ቁስሉን ሳያሳርፍ ይሠራበታል ብሎ አስረዳ። በኋላም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በሉዊዚያና በሚገኘው በካርቪል ሆስፒታል ሲሠራ፥ ለሥጋ ደዌ እግር የተገኘው ጥበብ ለስኳር በሽታ እግር እንዲሆን አደረገ። ለስላሳ የጎማ ገበር ያለው ጫማም ሆነ ቁስሉን ከክብደት የሚያሳርፈው የጀሶ ቦት ወደ ስኳር ሕክምና የገባው በዚህ መንገድ ነው።

እኛን የሚያስገርመን ይህ ጥበብ ለኢትዮጵያ እንግዳ አለመሆኑ ነው። በአዲስ አበባ አለርት ተብሎ የሚታወቀው የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ሆስፒታል የተመሠረተው በታኅሣሥ 1958 ዓ.ም. ነው። የደነዘዘ እግር እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ለዚያ እግር የሚሆን ጫማ እንዴት እንደሚሰፋ በዚያ ግቢ ሲሠራበት ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ሆኗል። የኢትዮጵያ የስኳር ሕሙማን ማኅበርም ከተቋቋመ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ሲቈጠር አራት ዐሥርት ዓመት አልፎታል። ዕውቀቱ በአገር ውስጥ አለ። ከአለርት ግቢ ወጥቶ ወደ መስቃን የሚወስደው አውቶቡስ ላይ መሳፈሩ ግን ዘግይቷል እንላለን።

አሁን ወደ ጫማው እንምጣ። በአገራችን ስለ እግር ሲነገር የኖረው ትምህርት በአጭሩ «ጫማ አድርጉ» የሚል ነው፤ ትክክልም ነው። በባዶ እግር ቀይ አፈር እየረገጠ የኖረ ገበሬ እግሩ እንዲያብጥ የሚያደርገውን በሽታ፥ በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኤርነስት ፕራይስ አጥንቶ ፖዶኮኒዮሲስ የሚል ስም አውጥቶለታል፤ የዚያ በሽታ መከላከያው ጫማ ነው። ለስኳር በሽተኛ ግን ጫማው ራሱ ጠላት የሚሆንበት ጊዜ አለ። በመስቃንና በአካባቢው በመስቀልም ሆነ በዐረፋ በዓል አዲስ አበባ ያለው ልጅ ወደ አገሩ ይገባል። ለእናት ነጠላ ወይም ሻሽ፣ ለአባት ጫማ ይዞ መምጣት ወግ ነው። ጫማውም የሚያብረቀርቅ፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ፣ የከተማ ሰው የሚያደርገው ዓይነት ነው። አባት ይለካሉ፤ «ልኬ ነው፣ ተባረክ» ይላሉ። ልካቸው ላይሆን ይችላል። እግሩ የደነዘዘበት ሰው ልክ የሆነ ጫማ የወለቀ ይመስለዋል፤ ጠበብ ያለው ነው «ያዘኝ» የሚያሰኘው። በዓሉ አልፎ ልጅ ወደ ሥራው ከተመለሰ በኋላ በትንሿ ጣት ጎን ላይ የወጣው የውሃ ቋጠሮ ይፈነዳል።

መላው ቀላል ነው። ጫማ ከመግዛታችሁ በፊት አባታችሁን ነጭ ወረቀት ላይ አቁማችሁ የሁለቱንም እግር ዙሪያ በእርሳስ ሣሉ። እግር ወደ ማታ ስለሚያብጥ ሥዕሉ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ያንን ወረቀት ቆርጣችሁ ወደ መርካቶ ይዛችሁ ሂዱና ጫማው ውስጥ አስገቡት፤ ወረቀቱ ከታጠፈ ጫማው ጠባብ ነው። አፍንጫው ሰፊ፣ ከላይ የሚታሰር፣ ውስጡ ስፌት የማይቆረቁር ይሁን። አዲሱንም ጫማ በመጀመሪያው ቀን ከአንድና ከሁለት ሰዓት በላይ አያድርጉት። ከተሽከርካሪ ጎማ የሚሠራውን በረባሶ የሚያደርግ ሰው ደግሞ ማሰሪያውን የያዘው ምስማር ወደ ውስጥ ብቅ እንዳላለ በጣቱ እየዳሰሰ ይመርምር። ኮንጎ የሚባለው የፕላስቲክ ጫማ ያለ ካልሲ ሲደረግ ያልባል፣ ይፍቃል፤ ሸበጥም በሁለቱ ጣቶች መካከል የሚገባው ማሰሪያው ይቆርጣል። ጫማውን ከማድረግ በፊት ገልብጦ ማራገፍ ለሁሉም ይሠራል።

በነገራችን ላይ፥ እኛ የቢሮ ሰዎች ጫማችንን በየቀኑ በሊስትሮ እናስጠርጋለን። ብዙዎቹ ሊስትሮዎችም ከዚሁ ከጉራጌ አገር የመጡ ልጆች ነበሩ። የጫማችንን ጭረት ሁሉ እናውቀዋለን፤ በውስጡ ያለውን የእግራችንን ውስጠኛ ገጽ ግን በዓመት ስንት ጊዜ እንዳየነው ብንጠየቅ መልስ የለንም።

ከጫማ ቀጥሎ የሚያሠጋው እሳት ነው። በጉራጌ ቤት ምድጃው በመካከል ነው፤ በሐምሌ ብርድ ሽማግሌው እግራቸውን ወደ ፍሙ ዘርግተው ይጨዋወታሉ። የደነዘዘ እግር ሙቀቱ መቼ ወደ ማቃጠል እንደ ተለወጠ አይናገርም። እግር መታጠቢያውም ውሃ እንደዚሁ ነው፤ ሙቀቱን በእግር ሳይሆን በክርን ወይም በሌላ ሰው እጅ መለካት ያስፈልጋል። ከታንዛንያ የተጻፉ የሕክምና ጽሑፎች ደግሞ ሌላም ነገር ይነግሩናል፤ ሕመምተኛው ተኝቶ ሳለ አይጥ እግሩን ነክሳው ጠዋት ደም እስኪያይ ድረስ ያልነቃ ሰው አለ። ለመስማት የሚዘገንን ነው፤ ነገር ግን መደንዘዝ ምን ማለት እንደ ሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘንም።

ስለ ወጌሻ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ባለሙያ ነው፤ ብዙ ውልቃትም መልሷል። ነገር ግን የስኳር በሽተኛ እግር አንዳንድ ጊዜ ቁስል ሳይኖረው በድንገት ያብጣል፣ ይቀላል፣ ከሌላው እግር ይልቅ ይሞቃል፤ ሕመሙ ግን የለም ወይም ትንሽ ነው። ሰዎች «ወለም ብሎት ነው» ይላሉ። እውነቱ ግን አጥንቶቹ በውስጥ እየተሰበሩና እየተበታተኑ መሆናቸው ነው። ይህ እግር የሚፈልገው በጀሶ ታስሮ ማረፍ ነው፤ ቢታሽና ቢጎተት የእግሩ ቅርጽ ለዘላለም ይበላሻል። ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሞቆ ካበጠ፥ ከወጌሻው በፊት ሐኪም ይየው።

እስካሁን አስጊውን ብቻ ተናገርን፤ በመስቃን ግን ለእግር የሚረዳ ጥሩ ልማድም አለ። እንግዳ ሲመጣ የእግር ውሃ ማቅረብ የአገሩ ወግ ነው። እስላሙ በቀን አምስት ጊዜ ለሰላት ውዱእ ሲያደርግ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያጥባል፤ በጣቶቹም መካከል ጣቱን ያስገባል። ክርስቲያኑም በጸሎተ ሐሙስ የእግር መታጠብን ሥርዓት ያያል። ሐኪም «እግርህን በየቀኑ አጥበህ መርምር» ሲል ለዚህ አገር ሰው አዲስ ልማድ እያመጣበት አይደለም። የሚጨመረው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፥ ከታጠቡ በኋላ በጣቶቹ መካከል ያለውን እርጥበት በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ ነው፤ እርጥብ ሆኖ የቀረ እንደ ሆነ ቆዳው ይልጣል፣ ሻጋታም ይበቅልበታል። ሁለተኛው፥ እጅ በሚታጠብበት ጊዜ ዓይንም አብሮ እንዲሠራ ነው። የውስጥ እግሩን ጎንበስ ብሎ ማየት የማይችል ሽማግሌ ትንሽ መስተዋት መሬት ላይ ያስቀምጥ፤ ዓይኑ የደከመም እንደ ሆነ የልጅ ልጁን ይጥራ። ተረከዙ እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን መቀባት መልካም ነው፤ በጣቶቹ መካከል ግን አይቀባም። ጥፍር ቀጥ ተደርጎ በጥፍር መቁረጫ ይቆረጥ እንጂ በምላጭ አይሁን፤ የጠነከረውንም ቆዳ በምላጭ መላጥ ብዙ ሰው ያስቆረጠ ድፍረት ነው። በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ጫማ ይወልቃል፤ ቀትር ላይ ድንጋዩ ይግላልና ንጹሕ ካልሲ ማድረግ ሥርዓት አይጥስም።

ቁስል ከታየ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ቅጠል መለጠፍ፣ የቡና ዱቄት መነስነስ ቀን ያስፈጃል። ሐኪሙ ቁስሉን ያጸዳል፣ እንደ አስፈላጊነቱ አንቲባዮቲክ ያዛል፣ ስኳሩንም ያስተካክላል፤ ነገር ግን ሰውየው በዚያው እግር እየተራመደ ከሆነ መድኃኒቱ ብቻውን አያድነውም። ለአንድ ገበሬ «ስድስት ሳምንት በዚህ እግር አትቁም» ማለት ምን ያህል ከባድ ቃል እንደ ሆነ እናውቃለን። በርበሬው ሊለቀም ነው፤ ማሳው ይጠብቃል፤ ደግሞም አላመመውም። ቢሆንም የአንድ እግር መቆረጥ የስድስት ሳምንት ጉዳይ አይደለም። ክብደቱ ሁሉ በቀረው እግር ላይ ስለሚወድቅ ያኛውም በተራው ይጎዳል፤ በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶችም እግራቸው ከተቆረጠው የስኳር ሕሙማን ግማሽ ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላ እንደሚሞቱ ያሳያሉ።

ይህን መቀነስ ይቻላል። የአውሮፓ ጤና ባለሥልጣኖችና ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1989 በጣልያን በሴንት ቪንሰንት ከተማ ተሰብስበው በስኳር ምክንያት የሚደርሰውን የእግር መቆረጥ በግማሽ እንቀንስ ብለው ዓላማ አወጡ። ያ የሀብታም አገር ነገር ነው የሚለን ቢኖር፥ በታንዛንያ በዶክተር ዙልፊቃራሊ አባስና በባልደረቦቻቸው የተጀመረው «ደረጃ በደረጃ» የተባለ ሥራ ከየክፍለ ሀገሩ ሐኪምና ነርስ ጥንድ ጥንድ አድርጎ እያሠለጠነ ወደየመጣበት መልሷል። በእኛም አገር ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ እግር ለማየት ከእነርሱ የቀረበ ሰው የለም።

በሐኪም ቤትስ? እዚህ ላይ የአገራችን ጨዋነት ራሱ ይከለክላል። እግርን ለተከበረ ሰው መዘርጋት ነውር ነው፤ አቧራ የጠጣ ካልሲ በሐኪም ፊት ማውለቅ ያሳፍራል። ሕመምተኛው ካልታዘዘ አያወልቅም። ሐኪሙም በበር ላይ ሠልፍ ስላለ የስኳሩን ቁጥር አይቶ፣ ኪኒኑን ጽፎ «ቀጣይ» ይላል። በዚህ ምክንያት በየወሩ ሐኪም ቤት እየተመላለሰ እግሩን ማንም ያላየለት ሰው ሊኖር ይችላል። ነገ በየወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የሚመደቡት ወጣት ሹማምንት ይህን ለመለወጥ ትልቅ በጀት አያስፈልጋቸውም። የስኳር ሕሙማን ተራቸውን በሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር ላይ ሳሉ ነርሷ «ጫማችሁን አውልቁ» ትበላቸው። ሁሉም ሲያወልቅ የአንዱ ኀፍረት ይቀራል፤ ሐኪሙም ዘንድ የሚገቡት እግራቸው ተገልጦ ነው። መመርመሪያውም ሞኖፊላመንት የሚባል ክር ነው፤ ቆዳ ላይ ሲጫኑት በአሥር ግራም ክብደት የሚታጠፍ የናይሎን ክር። ሕመምተኛው ክሩ ሲነካው ካላወቀ የመከላከያ ስሜቱ ጠፍቷል ማለት ነው።

ክሩ በሌለበት ጣት ይበቃል። በእንግሊዝ አገር በኢፕስዊች ሆስፒታል የተዘጋጀና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ መፈተኛ አለ፤ ማንም ተማሪ ለበዓል ወደ ቤቱ ሲገባ ሊያደርገው ይችላል። አባታችሁን ጫማና ካልሲ አስወልቃችሁ አስተኟቸውና ዓይናቸውን ይጨፍኑ። በሌባ ጣታችሁ ጫፍ የእግራቸውን ጣት ጫፍ እንደ ላባ ቀለል አድርጋችሁ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰኮንድ ብቻ ንኩ፤ አትጫኑ፣ አትዳብሱ፣ ካላወቁም ደግማችሁ አትንኩ። በተነኩ ጊዜ «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበሉ። በመጀመሪያ የቀኙን አውራ ጣት፣ ቀጥሎ የቀኙን ትንሽ ጣት፣ ከዚያ የግራውን አውራ ጣት፣ የግራውን ትንሽ ጣት፤ በመጨረሻም የቀኙንና የግራውን መካከለኛ ጣት። ከስድስቱ ሁለቱን ወይም ከዚያ በላይ ሳያውቁ የቀሩ እንደ ሆነ፥ ምንም አላመመኝ ቢሏችሁም በማግሥቱ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ስትሄዱም የሚያደርጉትን ጫማ አብራችሁ ለሐኪሙ አሳዩ።